ለ340አይ ቢኤምደብሊው 20 ኢንች ቸርኬ ልግዛ ወይስ በ18 ልቆይ?

የጉለሌው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በካምሪ ሰው ሳመላልስ ነው የኖርኩት። ሁለት ካምሪ ጨርሻለሁ። ባለፈው መስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ሳይሆን ለራሴ ብዬ መኪና ገዛሁ። የ2017 ቢኤምደብሊው 340አይ ኤክስድራይቭ ናት፣ ማለትም ኃይሉ ለአራቱም ጎማ የሚደርስ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 320 የፈረስ ጉልበት። ማታ ቤት ስገባ ራት ከመብላቴ በፊት በመስኮት አንድ ጊዜ አያታለሁ።

አሁን ያለባት የፋብሪካው 18 ኢንች ቸርኬ ነው። ከጀርባው ስፋቱ 8 ኢንች፣ ኢቲ 34 ይላል። ጎማው 225/45 አር18፣ አራቱም እኩል፣ ራንፍላት (አየሩ ቢወጣም ለጊዜው የሚነዳ) ነው። የቀድሞው ባለቤት ሲያቆም ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር እያፋተገው በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱ ጠርዛቸው ተበልቷል። መኪናዋን ባጠብኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሰኔ ላይ የአክስቴ ልጅ ታገባለች። ሙሽሮቹ የሚሄዱት በእኔ መኪና ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ ስለዚህ ይህ ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። መኪናዋ አምራ እንድትቀርብ እፈልጋለሁ።

አንድ ሰው ያገለገለ 20 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው በ1100 ዶላር ሲሸጥ አገኘሁ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክንዶቹ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያሉ ናቸው። ፎቶውን ሳየው ልቤ ሄደ። በአካልም ሄጄ አየሁት። ከጀርባው ያለውን ገልብጫለሁ፦ 20×9፣ ኢቲ 25፣ 5×120፣ የመሃል ቀዳዳው 74.1። ጎማው 245/30 አር20። ሻጩ «ለቢኤም የተሠራ ነው፣ ያለ ችግር ይገባል» ብሎኛል። እሱም ሌላ ቢኤም ላይ ገጥሞት ነበር፣ የትኛው ላይ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

አንዱ ጓደኛዬ 20 ግዛ ይላል። ሌላው 19 ይበቃሃል ይላል። ወንድሜ ደግሞ የፋብሪካውን አትንካ ባይ ነው። እኔ ስለ ኢቲም ሆነ ስለ መሃል ቀዳዳ የማውቀው የለም። የመደብኩት ብር ሁሉንም ጨምሮ 2400 ዶላር ነው። ፍሬኗ ሰማያዊ ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ያለው ነው፣ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ብዬ ነው የምጠቅሰው። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጎሚስታው፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። በላብህ የገዛሃት መኪና ናት፣ ሰርተህ ተደሰትባት።

አባቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጎሚስታ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ጎማ ሳገላብጥ ነው ያደግኩት። እዚህ መጥቼም ከጎማ ቤት አልወጣሁም፣ አሁን 16ኛ ዓመቴ ነው። ያንተን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠይቁኝ ከገዙ በኋላ ነው። አንተ ሳትገዛ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል።

5×120 ማለት አምስት ቡሎን ነው፣ ቡሎኖቹ የሚደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 120 ሚሊ ሜትር ነው። ያንተ መኪና ኤፍ30 የሚባለው ትውልድ ነው፣ ልኩም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሻጩ አልተሳሳተም። የመሃል ቀዳዳው ግን አይገጥምም። የመኪናህ እምብርት፣ ቸርኬው መሃሉ ላይ የሚሰካበት፣ 72.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቸርኬው ቀዳዳ 74.1። ወይ ለድሮው 5 ሲሪስ ለኢ39 የተሠራ ነው፣ ወይ ለብዙ ዓይነት እንዲሆን ሰፋ ተደርጓል። የ1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትንሽ ትመስላለች። ቸርኬውን መሃል የሚያስቀምጠው ግን እምብርቱ ነው። ክፍተቱ ካልተሞላ 60 እና 65 ማይል ላይ መሪው እጅህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሰው ባላንስ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ባላንስ ያስደርጋል፣ መንቀጥቀጡ ግን አይጠፋም። ለዚህ የሚሆን ቀለበት አለ፣ ርካሽ ነው። ስለዚህ ቸርኬውን የምተወው በዚህ ምክንያት አይደለም።

የምተወው በኢቲው ነው። ኢቲ ከቸርኬው ስፋት መካከል አንስቶ መኪናው ላይ እስከሚያርፍበት ፊት ድረስ ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። ያለህ ቸርኬ 8 ኢንች ነው፣ 203.2 ሚሊ ሜትር። ግማሹ 101.6። ከዚህ ላይ 34 ስትቀንስ 67.6 ይቀራል። ወደ ውጭ የሚሄደው ይህ ነው። የሰውየው ቸርኬ 9 ኢንች ነው፣ ግማሹ 114.3። 25 ስትቀንስ 89.3። ልዩነቱ 21.7 ሚሊ ሜትር። በእያንዳንዱ ጎን ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው። ብቻህን ስትነዳ ላይነካ ይችላል። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ሚዜው ከፊት ሲቀመጡ ግን መኪናዋ ዝቅ ትላለች። ያኔ አንዲት ጉብታ ላይ የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን ይበላዋል። ያ ደግሞ የሠርጉ ቀን ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ የጎማው ጎን ነው። 225 የጎማው ስፋት ነው፣ 45 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ። 225 በ0.45 አባዛ፣ 101 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የአሁኑ ጎማህ ጎን ቁመቱ ያ ነው። 245/30 ደግሞ 73.5 ነው። ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ጎማ ተነስቶ በአሉሚኒየም ተተካ ማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ቸርኬህን የሚያድነው ያ ጎን ነው። እዚህ ደግሞ በብርዱ ወራት ውሃ አስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ቀን ይቀልጣል። የካቲትና መጋቢት ላይ መንገዱ ይፈራርሳል። ማታ በዝናብ 495 አውራ ጎዳና ላይ ስትነዳ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አይታይህም። በእነዚያ ሁለት ወራት ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ የሚመጣልኝ ቸርኬ አብዛኛው 19 እና 20 ነው። 18ም ይመጣል፣ ግን ጥቂት።

አሠራሩንም ጠይቅ። ተራው ቸርኬ የቀለጠ አሉሚኒየም ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው የሚሠራው። ርካሽ ነው፣ እንዲጠነክር ሲሉ ስለሚያወፍሩት ግን ይከብዳል። ሁለተኛው ፍሎው ፎርምድ ይባላል። መሃሉ ፈስሶ ይወጣል፣ ከዚያ ዙሪያው እንዲሞቅ ተደርጎ እየተሽከረከረ በሮለር ተጨፍልቆ ይሳባል። ዙሪያው ይሳሳል፣ ግን ይጠነክራል። ሦስተኛው ፎርጅድ ነው። አንድ ድፍን አሉሚኒየም በከባድ ፕሬስ ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ዋጋው ግን ለአንተ በጀት አይሆንም። የጃፓኑ ሬይስ በ1996 ያወጣው ቲኢ37 የሚባል ፎርጅድ ቸርኬ አለ። 37 የተባለው 15 ኢንቹ 3.7 ኪሎ ስለሚመዝን ነው። ያን ቸርኬ በአንድ እጅ ሳነሳ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አንተ ጋ የሚስማማው መካከለኛው ነው። ኤንኬም፣ አፔክስም፣ ሌሎችም ይሠሩታል። ከጀርባው ጄደብሊውኤል (የጃፓን የቸርኬ ደረጃ) የሚል ማኅተምና የሚችለው ጭነት በኪሎ ተጽፎ ፈልግ። የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ወረቀት የኋላ አክስሉ የሚሸከመው ተጽፏል። ለሁለት ክፈለው። የቸርኬው ጭነት ከዚያ ካነሰ አትግዛው።

ሰማያዊው ካሊፐር ለውጥ ያመጣል፣ መጥቀስህ ጥሩ ነው። የፊቱ ባለ አራት ፒስተን ነው፣ ወፍራም ነው። ቸርኬው ትልቅ ስለሆነ ብቻ አያልፈውም፣ ክንዱ ሊነካው ይችላል። ጥሩ ሻጭ የካሊፐር መለኪያ ሥዕል ይሰጥሃል። አትመህ፣ በካርቶን ቆርጠህ ለካው።

የእኔ ምክር 18×8.5፣ ኢቲ 38፣ ፍሎው ፎርምድ፣ አራቱም እኩል ነው። ጎማው 245/40 አር18። ያቺው ስሌት ብትሠራት ወደ ውጭ የሚወጣው 2.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ግን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይገባል፣ ስለዚህ ከአሞርዛተሩ ጋር ያለውን ክፍተት ከመኪናው በታች ሆነህ እይ። ቸርኬው ከ330 እስከ 400 ዶላር ታገኘዋለህ፣ ጎማው 180 እና 200 ገደማ። ከርካሹ ወገን ከመረጥክ ከነማስገጠሚያው በጀትህ ውስጥ ነው። የፊትና የኋላው እኩል ይሁን የምልህ መኪናህ ኤክስድራይቭ ስለሆነች ነው። የአራቱ ጎማ ዙሪያ ከተለያየ ለፊትና ለኋላ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን ያለ ዕረፍት ይለፋል። እሱን ማስቀየር ከአራት ቸርኬ በላይ ያስወጣል። እኩል ሲሆን ደግሞ ጎማውን ከፊት ወደ ኋላ እያዘዋወርክ እኩል ታስጨርሳለህ።

ከዲራ፦

ሰላም ወንድሜ። ጎሚስታው ያለውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ዱባይ ነው ያለሁት። የምነዳው የ2020 330አይ ነው፣ ከአንተ ቀጥሎ የመጣው ጂ20 የሚባለው። እኔም «የ3 ሲሪስ ቸርኬ» ተብሎ የተለጠፈ ሳይ ሮጬ ገዛሁ። 2500 ድርሃም ከፈልኩ። ቤት መጥቼ ልገጥም ስል ቡሎኑ ቀዳዳው ላይ አይመጣም። የአንተ 5×120 ነው፣ የእኔ 5×112። እምብርቱም ተለውጧል፣ ከ72.6 ወደ 66.6። ስሙ ያው 3 ሲሪስ ነው፣ ቸርኬው ግን አይገናኝም።

ሻጩ «ጫፉ የሚንቀሳቀስ ቡሎን አለ፣ በእሱ ይያዝልሃል» አለኝ። የአገሬ ልጅ የሆነ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። «8 ሚሊ ሜትር የክብ ልዩነት በቡሎን አይታረቅም፣ በ120 ስትነዳ ነፍስህ በዚያ ቡሎን ላይ ናት» አለኝ። ሰማሁት። በ1700 ሸጥኩት፣ 800 ድርሃም ከሰርኩ። ስለዚህ በመኪናው ስም አትግዛ፣ በሻሲው ኮድና በቁጥሩ ግዛ።

ሌላም ልጨምር። ያገለገለ ጎማ ስትገዛ የተሠራበትን ቀን እይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 ዓ.ም 23ኛው ሳምንት ነው (በፈረንጅ)። እዚህ በሙቀቱ ምክንያት ይህን ሳያይ ጎማ የሚገዛ የለም። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ይደርቃል። የሰውየው ጎማ ስንት ዓመቱ ነው?

የጉለሌው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ጎሚስታው፣ እንዲህ ቁጭ ብለው ስለጻፉልኝ በጣም ነው የማመሰግነው። ስሌቱን ራሴ ሠራሁት፣ መጣልኝ። ከፓራፋንጎው ጠርዝ እስከ ጎማው ያለውንም በማስመሪያ ለካሁ። 21.7 የሚሆን ቦታ በፍጹም የለም።

ወንድሜ ከዲራ፣ ሄጄ ቀኑን አየሁ። ሁለቱ 0917፣ ሁለቱ 4118 ይላሉ። ጎማዎቹም የአንድ ፋብሪካ አይደሉም። ኤክስድራይቭ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ስለዚህ 20ውን ትቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኛል፣ ምክንያቱም ያ መልክ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ወደ 18×8.5 እየሄድኩ ነው። የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ራንፍላቱን ትቼ ተራ ጎማ ባደርግ ምን እሆናለሁ? መኪናዋ ስኮርታ ጎማ የላትም። የጎማ አየር የሚቆጣጠረውን ሴንሰር ከአሮጌው ማዛወር ይቻላል? እና የፋብሪካውን ቸርኬ ልሽጠው? አንድ ሰው በ400 ዶላር ጠይቆኛል።

ሮዚ ከዴንቨር፦

እባክህ ወንድሜ፣ እንዳትሸጠው! 

እኔ ኦዲ ኤስ4 ነው የምነዳው፣ ሁለት ስብስብ ቸርኬ አለኝ። የፋብሪካው 18 የበረዶ ጎማ ለብሶ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይሠራል። ያማረው ደግሞ በጋውን። የበረዶ ጨው፣ ጠጠር፣ ጉድጓድ፣ ሁሉንም የሚቀበለው የፋብሪካው ነው። የተፋፋቀ ጠርዝ በጥር ወር ማንም አያይም። ቨርጂኒያ እንደ እኛ አይበርድም፣ ግን አንተም በረዶና ጨው አለህ። አዲሱ ቸርኬህ ከአምስት ዓመት በኋላም አዲስ እንዲመስል ከፈለግክ መንገዱ ይህ ነው። በ400 ዶላር አራት ደህና ቸርኬ መልሰህ አታገኝም።

አሁን ግን ዋናውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔን ሊገድለኝ ነበር። የመጀመሪያውን የውጭ ቸርኬ የገጠመልኝ አንድ ጎማ ቤት የፋብሪካውን ቡሎን መልሶ ተጠቀመ። የኦዲ የፋብሪካ ቡሎን መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው። የገዛሁት ቸርኬ ደግሞ ሾጣጣ መቀመጫ ነበረው። ክቡን ሾጣጣ ውስጥ ስታጠብቀው የጠበቀ ይመስላል። የሚነካው ግን በቀጭን መስመር ብቻ ነው፣ ቀስ እያለ ይላላል። ልጄን ይዤ በአይ-70 ወደ ተራራው ስወጣ፣ ከአይዘንሃወር ዋሻ በፊት፣ ከፊት ግራ በኩል እንደ መዶሻ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳር ይዤ ወረድኩ። ከአምስቱ ሦስቱ ቡሎን በእጄ ዞረ። ልጄ ከኋላ ተኝታ ነበር። ያን ቀን መቼም አልረሳውም።

ስለዚህ ስትገጥም አጠገቡ ቁም። ቡሎኑ ከቸርኬው ጋር ይሄዳል ወይ ብለህ ጠይቅ። «እንደዚህ ነው የምንሠራው» ካሉህ አትቀበል። አሳዩኝ በል።

ጎሚስታው፦

እህቴ ሮዚ፣ ልጅሽንም አንቺንም እንኳን አተረፋችሁ። የነገርሽው ነገር እኔ ስጽፍ ያለፍኩት ነው፣ ማለፍ አልነበረብኝም።

የጉለሌው፣ ያንተ ቢኤም የፋብሪካ ቡሎን ሾጣጣ ነው፣ ኤም14 በ1.25፣ ማለትም ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.25። አብዛኛው ከውጭ የሚገዛ ቸርኬም ሾጣጣ ነው። ግን አብዛኛው ማለት ሁሉም አይደለም፣ ጠይቅ። ርዝመቱንም እይ። አዲሱ ቸርኬ ቡሎን የሚቀመጥበት ቦታ ወፍራም ከሆነ የድሮው ቡሎን ያጥራል። ጥርሱ እምብርቱ ውስጥ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል፣ 14 ሚሊ ሜትር፣ መግባት አለበት። በእጅህ ስታዞር 11 ዙር ገደማ ነው። አምስት ዙር ላይ ከጠበቀ አቁም። በጣም ከረዘመም ከኋላ ያለውን ይነካል፣ ቸርኬውን ሳያጠብቅ የጠበቀ ያስመስላል።

ማጥበቂያው 140 ኒውተን ሜትር ነው። በአሜሪካ መለኪያ 103 ፓውንድ ፉት ገደማ። በአየር መሣሪያ እስከ መጨረሻው ከወሰዱት ፍቱና በመለኪያ ቁልፍ ድገሙልኝ በል። ያለ ኀፍረት በል፣ መብትህ ነው። 50 ማይል ከነዳህ በኋላ እንደገና ይጠበቃል። አዲስ ቀለም ያለው ቸርኬ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላል።

ራንፍላቱን መተው ትችላለህ። መኪናዋ ትለሰልሳለች፣ ጉድጓድ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሃል። ግን ስኮርታ ስለሌለህ ትንሽ የኤሌክትሪክ መንፊያ፣ መድፈኛ ፈሳሽና የክር መድፈኛ ከኋላ ይኑርህ። ጎኑ ከተቀደደ ግን አንዱም አይረዳህም፣ የሚጎትት መኪና መጥራት ነው። ብዙ ጊዜ ሩቅ መንገድ ሌሊት የምትሄድ ከሆነ አስብበት።

የጎማ አየር መቆጣጠሪያ አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ነው። ሴንሰሩን ከአሮጌው ማዛወር ይቻላል። የአንተ ግን የ2017 ነው፣ ባትሪው ሴንሰሩ ውስጥ ታሽጎ ነው ያለው፣ አይቀየርም። ጎማው ከወለቀ አይቀር አዲስ አስገባ። አሮጌው በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ይቆይ፣ ለብርዱ ጊዜ ይሠራልሃል።

ስለ መልኩ ደግሞ አትከፋ። ጥቁር የሚያብረቀርቅ በ18ም አለ። እኔ ግን ጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ ብርማ ነው የምወደው። ጥቁር ቸርኬ ከሩቅ ይጠፋል፣ ክንዱ አይታይም። የሠርግ ፎቶ ላይ ደግሞ ብርማው ብርሃን ይይዛል። ይህ የእኔ ዓይን ነው፣ አንተ የወደድከውን አድርግ።

አባቴ ቸርኬ ሲመጣለት አንጠልጥሎ በእንጨት እጀታ ቀስ አድርጎ ይመታው ነበር። ደህናው እንደ ደወል ያስተጋባል። የተሰነጠቀው ድምፁ ቶሎ ይሞታል። አዲስም ቢሆን ሲደርስህ አራቱንም ምታቸው። ማሽኑ ላይ ሲወጣም ሲሽከረከር በዓይንህ እይ። ከመጋዘን እስከ ቤትህ ሲጓጓዝ የሚጣመም አለ።

የጉለሌው፦

ጋሼ፣ ሁሉንም እንዳሉኝ አደረግኩ።

ብርማውን ነው የመረጥኩት። 18×8.5፣ ኢቲ 38፣ የመሃል ቀዳዳው 72.6፣ ቀለበት አያስፈልገውም። የካሊፐሩን ሥዕል አትሜ ከሻይ ካርቶን ቆርጬ ለካሁ፣ አለፈ። ሲደርስ አራቱንም በመጥረጊያ እንጨት መታኋቸው። ሁሉም ደወለ። ሚስቴም ሰማችው። የገጠሙልኝ ሰዎች መጀመሪያ አጠገባቸው መቆሜን አልወደዱትም። ቡሎኑን በእጅ አዙረው 12 ሲቆጥሩ ግን አብረን ቆጠርን። በመለኪያ ቁልፍ በ140 አጠበቁልኝ። አላይመንቱንም አየነው፣ ደህና ነው። ጠቅላላ ከነሴንሰሩ 2360 ዶላር ወጣ።

ቅዳሜ ዕለት አክስቴን፣ ሙሽራዋንና ሁለት የአጎቶቼን ልጆች ጭኜ በሊትል ሪቨር ተርንፓይክ ወጣሁ። እያወቅኩ ጉብታ ያለበትን መንገድ ነው የመረጥኩት። ምንም አልነካም። አክስቴ ከኋላ ሆና «ይቺ መኪና እንደ ድሮው አታንገጫግጭም» አለች። ስለ ቸርኬው ማንም አልነገራትም ነበር።

የፋብሪካዎቹን አልሸጥኩም፣ ሮዚ። ታጥበው ምድር ቤት ተደርድረዋል፣ ጥቅምት ላይ የበረዶ ጎማ እገዛላቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት 54 ማይል ሞላኝ። መለኪያ ቁልፍ ከጎረቤት ተውሼ ሃያዎቹንም ቡሎን አንድ በአንድ ሞከርኩ። አሥራ ስምንቱ ወዲያው ጠቅ አሉ። ሁለቱ፣ ሁለቱም ከኋላ ቀኝ፣ እሩብ ዙር ያህል ዞሩ። አሁን ጠብቀዋል።